የታደሰ የጄት ስኪ ቱ ስትሮክ ሞተር አገጣጠም፦ ከክራንክሻፍት እስከ መጀመሪያው ታንከር

«ፒስተኑን ቀየርኩ፣ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ቀየርኩ፣ ሲሊንደሩን አስበጀሁ። ሦስት ጊዜ ውሃ ላይ ወጣሁና መልሶ ነከሰ። ምን አጠፋሁ?»

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂው ይለያያል፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ ሙሉ አገጣጠሙን እዚህ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ቱ ስትሮክ ሞተር የሚተነፍሰው በሆዱ ነው። አየርና ቤንዚን መጀመሪያ ወደ ክራንክ ቤቱ (ከፒስተኑ ሥር ያለው፣ ክራንክሻፍት የሚባለው ዋና ዘንግ የሚዞርበት ክፍል) ይገባሉ። ፒስተኑ ሲወርድ ከታች ይጨምቃቸውና ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ሆዱ በአንድ ቦታ ቢያፈስ ያልተቆጠረ አየር ይገባል፣ ድብልቁም ይሳሳል። የሳሳ ድብልቅ ይበልጥ ያግላል። ዘይቱም የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ፣ የሳሳ ድብልቅ ዘይትም ያንሰዋል ማለት ነው። ሙቀትና ድርቀት አንድ ላይ ሲመጡ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ከዚህ በታች ያሉት ብዙዎቹ ደረጃዎች ይህን ሆድ አየር እንዳያስገባ ለማድረግ ናቸው።

የምናገረው ስለ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡራተር ሞተር ነው። ያማሃ 701፣ ካዋሳኪ 750፣ የሲዱ ሮታክስ 717 እና 787 ከዚህ ወገን ናቸው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የተለመዱ ልኮች ናቸው። የሞዴላችሁ የጥገና መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ፣ በተለይ የማጥበቂያ ልክና ቅደም ተከተል ያለበት ገጽ
- ቶርክ ቁልፍ (በ«እጄ ያውቀዋል» አይሆንም)
- ማይክሮሜትር፣ የሲሊንደር ውስጥ መለኪያ፣ ፊለር ጌጅ፣ ዳያል ጌጅ
- ሙሉ የጓርኒሲዮን (በሁለት ፊቶች መሐል የሚገባ ስስ ማሸጊያ) እና የኦይል ሲል (በሚዞር ዘንግ ዙሪያ የሚያሽግ ቀለበት) ስብስብ፣ አዲስ
- አዲስ ሰርክሊፕ፦ የፒስተኑን ፒን የሚይዘው የሽቦ ቀለበት
- ለክራንክ ቤት የተሠራ ማሸጊያ፦ ያማቦንድ 4 ወይም ሎክታይት 518
- ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ፣ ውሃ የሚቋቋም ግራሶ፣ ቱ ስትሮክ ዘይት
- አሴቶን፣ የዕቃ ሳሙና፣ ክር የማይለቅ ነጭ ጨርቅ
- ለፍሳሽ ፍተሻ፦ የእጅ ፓምፕ፣ ትንሽ ግፊት የሚያነብ ጌጅ፣ የጎማ ቁራጭና ጠፍጣፋ ብረት
- የኮምፕሬሽን መለኪያ
- ውስጡ ፍላክስ የሌለው፣ 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የብየዳ ቆርቆሮ ሽቦ
- አዲስ ካንዴላዎች፣ አዲስ የቤንዚን ቱቦና ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ)

ማስጠንቀቂያ፦ የቤንዚን ጋዝ ከአየር ይከብዳል። በጄት ስኪው ሆድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። ባትሪውን ፍቱ፣ መቀመጫውን ከፍታችሁ አናፍሱ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይሁን። ሞተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል።

1. የድሮውን ፒስተን ጠይቁት

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት አሮጌው ለምን እንደሞተ እወቁ። ያንን ካላወቃችሁ አዲሱም የዚያው ዕጣ ተካፋይ ነው።

ፒስተኑ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከተፋቀ ወይም አናቱ ከቀለጠ፣ ድብልቁ ሳስቶ ነበር። በዙሪያው አራት ቦታ ላይ ከተፋቀ፣ ወይ ክፍተቱ ጠቦ ነበር ወይ ሞተሩ ሳይሞቅ ተነድቷል። ዙሪያውን በሙሉ ከተፋቀ ማቀዝቀዣው ውሃ አልደረሰም።

ሌላም ፍንጭ አለ። በባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የተለየ ክራንክ ቤት አለው። አንዱ ብቻ ከሞተ የዚያን ወገን ካርቡራተር፣ የዚያን ወገን ኦይል ሲል፣ የዚያን ወገን የዘይት ቱቦ መርምሩ። ሁለቱም ከሞቱ ግን ጥርጣሬው ወደ ጋራ ነገር ይዞራል፦ ታንከሩ፣ የቤንዚን ማጣሪያው፣ የዘይት ፓምፑ፣ የውሃው መስመር።

2. በሳሙና እጠቡ

ሲሊንደሩ ከማሽን ቤት ሲመጣ ንጹሕ ይመስላል። አይደለም። የሆኒንግ ድንጋዩ ያረገፈው ደቃቅ ብናኝ በጭረቶቹ ውስጥ ተቀብሯል። ቤንዚን ይህን አያወጣም። ሙቅ ውሃ፣ የዕቃ ሳሙናና ብሩሽ ያወጡታል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ እንደገና እጠቡ። እንደደረቀ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ የብረት ግድግዳው ራቁቱን ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ ዝገት ይጀምረዋል።

የፖርቶቹን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን የጋዝ ማሳለፊያ መስኮቶች፣ ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱ። ስለት ከተሰማችሁ ማሽን ቤቱ ጠርዙን አላለሰለሰውም። መልሱት። ስለት ያለው ጠርዝ ፋሻውን እየያዘ ይሰብረዋል።

3. ለኩ

ሲሊንደሩን በሦስት ከፍታ፣ በእያንዳንዱም በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ፒስተኑን አምራቹ በሚያዘው ቦታ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ክፍተታችሁ ነው። በቀልጦ መፍሰስ የተሠራ ፒስተንና በመቀጥቀጥ የተሠራ ፒስተን የሚፈልጉት ክፍተት አንድ አይደለም። የተቀጠቀጠው ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚሰፋ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። ከፒስተኑ ጋር የመጣውን ወረቀት አትጣሉ።

ቀጥሎ የፋሻው ክፍተት። ፋሻውን ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ አስገቡና በፒስተኑ አናት ገፍታችሁ ቀጥ አድርጉት። ፖርት የሌለበት ቦታ ላይ ይሁን። የሁለቱን ጫፎች ክፍተት በፊለር ጌጅ ለኩ። 80 ሚሊሜትር አካባቢ ስፋት ላለው ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ከጠበበ ጫፎቹ ሲሞቁ ይጋጫሉ፤ መሄጃ ያጣው ፋሻም ግድግዳውን ይገፋል። ጠባብ ከሆነ አንዱን ጫፍ ብቻ በጥሩ ሞረድ ቀስ ብላችሁ ሞርዱ፣ ጠርዙንም አለስልሱ።

የለካችሁትን ፒስተን የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ በማርከር ጻፉበት። ለክቶ መቀላቀል አለመለካት ነው።

4. ክራንክሻፍቱን ፈትሹ

የእነዚህ ሞተሮች ክራንክሻፍት አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ከቁርጥራጭ በኃይል ተጨምቆ የተገጣጠመ ነው። አንድ ጊዜ ቢወድቅ ወይም በመዶሻ ቢመታ ይጣመማል። በሁለት የቪ ቅርጽ ድጋፎች ላይ አስቀምጡና ጫፎቹን በዳያል ጌጅ እያዞራችሁ አንብቡ። ብዙ መጽሐፎች ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ አይፈቅዱም። ከዚያ ካለፈ ወደሚያቃና ባለሙያ ይሄዳል። እቤት በመዶሻ አትሞክሩት።

ኩሽኔታዎቹን በእጅ አዙሩ። የሚቆራርጥ፣ የሚንጫጫ ወይም የዝገት ነጥብ ያለበት ካለ አይገጠምም። ውሃ ገብቶበት የከረመ ሞተር ላይ ዝገት በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው።

5. ክራንክሻፍቱን አስተኙ

ኩሽኔታዎቹን በቱ ስትሮክ ዘይት አርሱ። በኦይል ሲሎቹ ከንፈሮች መሐል ግራሶ ሙሉ። ሞተሩ መጀመሪያ ሲዞር ከንፈሩ ደረቅ ከሆነ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። የሲሎቹን አቅጣጫ ስትፈቱ ካነሳችሁት ፎቶ ወይም ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አስተያዩ።

ክራንክሻፍቱን በታችኛው ግማሽ ላይ አስቀምጡ። አብዛኞቹ ኩሽኔታዎች ውጭው ላይ ትንሽ ፒን አላቸው። ክራንክ ቤቱ ላይ ደግሞ ለእሷ የተሠራ ጉድጓድ አለ። ፒኗ ጉድጓዷ ውስጥ ካልገባች ኩሽኔታው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ክዳኑን በብሎን ስታስገድዱት አሉሚኒየሙ ይሰነጠቃል። ፒኗ ከሥር ስትሆን አትታይም። ስለዚህ አስቀድማችሁ በኩሽኔታው ጎን ላይ ከፒኗ ትይዩ በማርከር መስመር አስምሩ። ከዚያ መስመሩን እያያችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። ቦታዋን ስታገኝ ኩሽኔታው ቸብ ብሎ ይወርዳል፤ በእጃችሁ ይሰማችኋል። የሲሎቹም ጠርዝ ቦዩ ውስጥ መግባቱን እዩ።

6. ክራንክ ቤቱን ዝጉ

ችኮላ የማይወደው ቦታ ይህ ነው። ሁለቱን ፊቶች በአሴቶን አጽዱ። የድሮውን ማሸጊያ በካቻቢቴ አትፋቁ። አንድ ጭረት አንድ የአየር መንገድ ነው። በፕላስቲክ መፋቂያ ሥሩ።

ማሸጊያውን በአንዱ ፊት ላይ ብቻ፣ በጣት አሳስታችሁ ቀቡ። ከሥሩ ያለው ብረት በትንሹ እስኪታይ ድረስ ስስ ይሁን። ሲበዛ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፤ የተጨመቀው ተቆርጦ የኩሽኔታውን የዘይት ቀዳዳ ይደፍናል። የኩሽኔታ መቀመጫ ላይ አትቀቡ። የኦይል ሲሉ ዳርና የክራንክ ቤቱ ስፌት የሚገናኙበት ነጥብ ግን እንዳያመልጣችሁ፤ ፍሳሽ የሚወደው ቦታ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አትጠቀሙ። ቤንዚን ያብጠዋል፣ ያላላዋል፣ በመጨረሻም ይላጠዋል። ሞተሩ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደንብ ይሠራል፤ ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው።

ክዳኑን አውርዱ። ብሎኖቹን በሰማያዊ ማጣበቂያ አስገቡ። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ በሦስት ዙር አጥብቁ፦ የልኩን ሲሶ፣ ቀጥሎ ሁለት ሲሶ፣ ከዚያ ሙሉውን። በአንድ ጊዜ ከአንድ ወገን ብታጠብቁ ፊቶቹ ይንጋደዳሉ፣ ማሸጊያውም በአንድ በኩል ብቻ ይጨመቃል። ለ8 ሚሊሜትር ብሎን ልኩ ብዙውን ጊዜ በ20ዎቹ ኒውተን ሜትር ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን ግን ከመጽሐፉ ውሰዱ።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ክራንክሻፍቱን በእጅ አዙሩት። ቀለል ብሎ መዞር አለበት። ከያዘ አትግፉት። ብሎኖቹን አላሉ፣ ክዳኑን አንሱ፣ የኩሽኔታ ፒኖቹን እንደገና እዩ። ማሸጊያው ገና እርጥብ እያለ መክፈት ቀላል ነው። ከዚያ እስኪደርቅ አንድ ሌሊት ተዉት።

7. ፒስተኖቹ

በፒስተኑ አናት ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ ጭስ መውጫው ይመለከታል። ለውበት አይደለም። በፋሻው ቦይ ውስጥ ጫፎቹን የሚይዝ ትንሽ ፒን አለ። ፒስተኑ በትክክል ሲዞር እነዚያ ጫፎች በደፍን ግድግዳ ላይ ይንሸራተታሉ። ከተገለበጠ በፖርቱ መስኮት ላይ ያልፋሉ፤ ጫፉ ወደ መስኮቱ ብቅ ብሎ ይሰበራል። ስባሪው ደግሞ ቴስታታውንም (የሲሊንደሩን የላይ ክዳን) ይዞ ይሄዳል።

ፋሻው ላይ ፊደል ወይም ምልክት ካለ ወደ ላይ ይዙር።

የክራንክ ቤቱን አፍ በጨርቅ ድፈኑ። ይህን ሳትሠሩ ሰርክሊፕ እጃችሁ ላይ አትያዙ። እኔ አንዴ «አንድ ሰርክሊፕ ብቻ ነው የቀረችው» ብዬ ጨርቁን አነሳሁ። ተስፈንጥራ ገባች። ማግኔት አላወጣትም፣ መገልበጥም አላወጣትም። የዘጋሁትን ክራንክ ቤት እንደገና ከፈትኩ።

የፒስተኑን ፒን ኩሽኔታ ዘይት አርሱና አስገቡ። አንዳንድ ሞተሮች፣ ሮታክስ 787ን ጨምሮ፣ መያዣ የሌላቸው ልቅ መርፌዎች አሏቸው። በግራሶ አጣብቃችሁ አንድ በአንድ ደርድሩ፣ ሲገቡም ሲወጡም ቁጠሩ። የጎደለ መርፌ ካለ መሬት ላይ አትፈልጉት፤ ክራንክ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ቁጠሩት።

ሰርክሊፕ ሁልጊዜ አዲስ ነው። አንዴ የተጨመቀ ሽቦ ጉልበቱን አጥቷል። የተከፈተ አፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን፣ ወደ ጎን አይሁን። ፒስተኑ በየዙሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወረወር፣ አፉ ወደ ጎን የሆነ ሽቦ እየተጨመቀ ከቦዩ ሊወጣ ይችላል። ከገባ በኋላ በትንሽ ካቻቢቴ ገፋ አድርጉት፤ ቦዩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን አረጋግጡ። የውስጠኛውን ሰርክሊፕ ፒስተኑን ከመግጠማችሁ በፊት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ አስገቡት። ግማሽ ድካም ይቀንሳል።

8. ሲሊንደሩ

የሥሩን ጓርኒሲዮን አስቀምጡ። መጽሐፉ ካላዘዘ በቀር ማሸጊያ አይቀባም። ግድግዳውን፣ ፒስተኑንና ፋሻዎቹን ዘይት ቀቡ። ከፒስተኑ ሥር ሹካ መሰል እንጨት ብታስገቡ ሳይወዛወዝ ይቆማል።

ሰው ጥሩና ያግዛችሁ። አንዱ ሲሊንደሩን ያወርዳል፣ ሌላው ፋሻዎቹን በጣቱ ይጨምቃል። የፋሻው ጫፎች በፒናቸው ግራና ቀኝ መሆናቸውን እያያችሁ አውርዱ። ከያዘ አትምቱ፣ ሲሊንደሩንም አታሽከርክሩ። ሲያሽከረክሩት የፋሻው ጫፍ ወደ ፖርት ይገባል። መልሳችሁ አንሱና እንደገና ጀምሩ።

ሲሊንደሮቹ የተለያዩ ከሆኑ፣ ብሎኖቹን ሙሉ ከማጥበቃችሁ በፊት የጭስ መውጫውን ማኒፎልድ ላላ አድርጋችሁ ግጠሙ። ሁለቱን ፊቶች በአንድ መስመር የሚያስተካክላቸው እሱ ነው። ካልሆነ በኋላ ማኒፎልዱ ጠሞ ይገጠማል፣ ጭስም ውሃም ያፈሳል።

9. የአናቱን ክፍተት ለኩ

ቆርቆሮ ሽቦውን በፒስተኑ አናት ላይ በፒስተኑ ፒን መስመር በሁለቱም ዳር በትንሽ ግራሶ አጣብቁ። መስመሩ አስፈላጊ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ ፒስተኑ ስለሚወዛወዝ ልኩ ይዋሻል። ቴስታታውን በአሮጌው ጓርኒሲዮን ግጠሙና አጥብቁ። ክራንክሻፍቱን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ። ፍቱና የተጨፈለቀውን ሽቦ ጫፍ ለኩ። ባልተነካካ የፋብሪካ ሞተር ላይ ከ1 ሚሊሜትር በታች ካገኛችሁ ቁሙ፤ ወይ የሥሩ ጓርኒሲዮን ስስ ነው ወይ ከሲሊንደሩ ፊት ተፍቋል። በጣም ጠባብ ክፍተት ፒስተኑን ከቴስታታው ጋር ሊያጋጨው ይችላል። የበዛ ከሆነ ደግሞ ጉልበት ይቀንሳል።

10. ቴስታታው

አዲሱን ጓርኒሲዮን ስታስቀምጡ የውሃ ቀዳዳዎቹ ከሲሊንደሩ ቀዳዳዎች ጋር መግጠማቸውን አንድ በአንድ እዩ። ተገልብጦም «የሚገባ» ጓርኒሲዮን አለ፤ ብሎኖቹ ይገባሉ፣ ውሃው ግን አያልፍም። አጠባበቁ እንደ ክራንክ ቤቱ ነው፦ ከመሐል ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ፣ በሦስት ዙር።

11. የፍሳሽ ፍተሻ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ። ቮላኖው (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ከባድ ክብ ብረት) ከመገጠሙ በፊት ሥሩት፤ በኋላ ሲሉን ይሸፍነዋል።

የመግቢያውንና የጭስ መውጫውን አፍ በጎማና በብረት ድፈኑ። ካንዴላዎቹን ግጠሙ። የቤንዚን ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው የፐልስ ቱቦ በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ጌጅና የእጅ ፓምፕ አገናኙ። እስከ 0.4 ባር፣ ማለትም 6 ፒኤስአይ ያህል፣ ሙሉ። ፓምፑን ዝጉና ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው መንቀሳቀስ የለበትም። የሁለቱም ሲሊንደሮች ክራንክ ቤት መሞላቱን አረጋግጡ፤ አንዱ ብቻ ከተፈተሸ ሥራው ግማሽ ነው።

ከወረደ የሳሙና ውሃ ርጩ። አረፋ የት እንደሚነፋ እዩ፦ ኦይል ሲሎቹ፣ የክራንክ ቤቱ ስፌት፣ የሲሊንደሩ ሥር፣ የፐልስ ቱቦው መጋጠሚያ። መጀመሪያ ግን የራሳችሁን ድፋኖች ርጩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እሱ ነው። ሮታሪ ቫልቭ (መግቢያውን እየዞረ የሚከፍትና የሚዘጋ ዲስክ) ያላቸው ሮታክሶች ላይ በቫልቩ የዘይት ቱቦ ውስጥ አረፋ መኖሩንም ተመልከቱ። አረፋ ካለ የውስጠኛው ሲል ያስተላልፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ0.7 ባር አትለፉ፤ ኮምፕሬሰርም አታገናኙ። ግፊቱ አዲሱን ሲል ከቦታው ይገፋዋል።

12. ቮላኖው

የክራንክሻፍቱን ሾጣጣ ጫፍና የቮላኖውን ውስጥ በአሴቶን አጽድታችሁ ደረቅ አድርጉ። ግራሶ አይነካውም። ብዙ ሰው ቮላኖውን የምትይዘው ትንሿ ቁልፍ ብረት ትመስለዋለች። እሷ አቅጣጫ ብቻ ነው የምታሳየው። ሸክሙን የሚይዘው የሁለቱ ደረቅ ሾጣጣዎች ፍትጊያ ነው። ቅባት ከገባ ወይም ዳዶው ከላላ ቮላኖው ይንሸራተታል፣ ቁልፏን ይቆርጣል፣ የእሳቱ ጊዜም ይዛባል። ዳዶውን በማጣበቂያና በመጽሐፉ ልክ አጥብቁ። የሽፋኑ ኦሪንግ አዲስ ይሁን፤ ውሃ ገብቶ ስታተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ጥቅል ሽቦ) የሚያዝገው በእሱ በኩል ነው።

13. መግቢያው፣ ካርቡራተሩ፣ ቱቦዎቹ

ሪድ ቫልቭ (በስስ ቅጠሎች የሚከፈትና የሚዘጋ መግቢያ) ካለ ቅጠሎቹን ወደ ብርሃን አንሱ። ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም ጠርዙ የተሸረፈ ይቀየራል። ሮታሪ ቫልቭ ከሆነ ዲስኩን በመጽሐፉ ዲግሪ ልክ አስቀምጡ። አንድ ጥርስ ቢዘል ሞተሩ ይነሳል፣ ግን አይሮጥም።

ካርቡራተሩን ሙሉ በሙሉ ፈታችሁ አጽዱ፣ ዲያፍራሞቹን ቀይሩ። በውስጡ የተደበቀች ትንሽ ወንፊት አለች፤ እሷን ሳያዩ የሚዘጉ ብዙ ናቸው። በ1990ዎቹ የተሠራ ሲዱ ግራጫ የቤንዚን ቱቦ ካለው ሁሉንም ጣሉት። ውስጡ እየሟሟ አረንጓዴ ዝቃጭ ይሆንና ያቺኑ ወንፊት ይደፍናል። የፐልስ ቱቦውንም ቀይሩ። እሱ ከተሰነጠቀ ፓምፑም ይደክማል፣ ክራንክ ቤቱም ያፈሳል።

14. ሞተሩን ወደ ጄት ስኪው ሆድ መመለስ

ሞተሩን ስታወርዱ ከእግሮቹ ሥር የነበሩት ስስ ብረቶች እዚያው ቦታቸው ላይ ይመለሱ። ሞተሩንና የፓምፑን ዘንግ በአንድ መስመር የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። መስመሩን በማስተካከያ መሣሪያው አረጋግጡ። ከተዛባ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ መጋጠሚያው ይበላል፣ ኋላም የክራንክሻፍቱን ሲል ይጎዳል።

የውሃ ቱቦዎቹን ስትፈቱ ባነሳችሁት ፎቶ መሠረት መልሱ። መግቢያና መውጫው ከተቀያየረ ውሃው በትክክል አይዞርም።

15. ዘይት

የዘይት ፓምፕ ካለ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር አውጡ። የማስተንፈሻ ብሎኗን ክፈቱና አረፋ የሌለው ዘይት እስኪመጣ ጠብቁ። ከፓምፑ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ቀጭን ቱቦዎችም መሞላት አለባቸው። አንድ የአየር አረፋ ማለት ሞተሩ ለዚያን ያህል ጊዜ ያለ ዘይት ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ታንከር ፓምፑ እየሠራም ቢሆን ቤንዚኑን 50 ለ 1 ቀላቅሉ፦ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት። ጭሱ ይበዛል፣ ይብዛ። የዘይቱን ዓይነት አምራቹ ካዘዘው አትለውጡ።

16. መጀመሪያ ማስነሳት

ካንዴላዎቹን አውጡ። የካንዴላ ገመዶቹን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኙ፤ ክፍት ከተተዉ የማቀጣጠያው ሲዲአይ ሊቃጠል ይችላል። ነዳጅ መስጫውን ሙሉ ጨብጣችሁ ኮምፕሬሽን ለኩ። የሁለቱ ሲሊንደሮች ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ አትቀጥሉ።

አሁን የውሃ ጎማውን አገናኙ። ቅደም ተከተሉን በቃላችሁ ያዙ፦ መጀመሪያ ሞተሩን አስነሱ፣ ከዚያ ውሃውን ክፈቱ። ስታጠፉ መጀመሪያ ውሃውን፣ ከዚያ ሞተሩን። ሞተሩ ሳይዞር ውሃ ከገባ በማርሚታው (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) በኩል ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ውሃ አይጨመቅም። ያንን ሞተር ስታስነሱት ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ይጣመማል።

ያለ ውሃ ከ15 ሰከንድ አትለፉ። ውሃ ተገናኝቶም ከ5 ደቂቃ አትለፉ፤ የፓምፑ ዘንግ ማሸጊያ የሚቀዘቅዘው ጄት ስኪው ውሃ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። አስነሱ፣ ጥቂት ይሙቅ፣ አጥፉ፣ በእጅ እስኪነካ ይብረድ። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። በመሐሉ ቱቦዎቹን እያያችሁ ፍሳሽ ፈልጉ።

17. የመጀመሪያው ታንከር

ነዳጅ መስጫውን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ጨብጣችሁ ንዱ። ፍጥነቱን ቀያይሩ። ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት አትቆዩ፤ ፋሻው ከግድግዳው ጋር የሚላመደው ጫና ሲመጣና ሲሄድ ነው። ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሙሉ መስጠት ይቻላል፣ ይዞ መቆየት አይቻልም። ሁልጊዜ አሙቃችሁ ጀምሩ።

ከ15 ደቂቃ ያህል በኋላ አጥፉና ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ እዩ። ቡናማ ከሆኑ ደህና ነው። በድብልቁ ዘይት ምክንያት ጥቁርና እርጥብ ቢሆኑም አትደንግጡ። ነጭና የሚያብረቀርቁ ከሆኑ ግን ቁሙ፤ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው ወይ ቤንዚን እያነሰ ነው። «እስኪ ትንሽ ልሞክረው» የምትለዋ ጉዞ ናት አዲሱን ፒስተን የምትበላው።

ታንከሩ ሲያልቅና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ፣ መጽሐፉ የሚያዝ ከሆነ የቴስታታውን ብሎኖች እንደገና በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። የማኒፎልዱን፣ የካርቡራተሩንና የሞተሩን እግር ብሎኖችም ንኩ። አዲስ ጓርኒሲዮን ሲሞቅና ሲበርድ ይተኛል፣ ብሎኑም በዚያው ልክ ይላላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አንደኛውና ዋናው፣ ሞተሩን አድሶ ካርቡራተሩን እንዳለ መመለስ ነው። የገደለው እሱ ከሆነ አሁንም ይገድላል።

ሁለተኛው ኦይል ሲሎቹን «ገና ደህና ናቸው» ብሎ መተው። ክራንክ ቤቱ ተከፍቶ ሳለ ሲል አለመቀየር ሞተሩን ሁለቴ ለማውረድ መስማማት ነው።

የአይዝጌ ብረት ብሎንን በደረቁ አሉሚኒየም ውስጥ ማስገባትም አለ። በተለይ ጨዋማ ውሃ ላይ ሁለቱ ብረቶች ይበላሉና በሚቀጥለው ጊዜ ብሎኑ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። ማጣበቂያ የማይገባበት ቦታ ላይ ውሃ የሚቋቋም ግራሶ ቀቡ። የተቀባ ብሎን ግን በደረቅ ልክ ከጠበቀ ከሚገባው በላይ ይወጠራል፤ መጽሐፉ ልኩን በደረቅ ነው ወይስ በተቀባ የሰጠው የሚለውን አንብቡ።

ሌላው ደግሞ ሞተሩ ካልነሳ ማስነሻውን ያለማቋረጥ መጫን። አምስት ሰከንድ ጫኑ፣ አሳርፉ። ካልነሳ ካንዴላ አውጡ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ የፐልስ ቱቦውን እዩ። ርሶ ከሆነ እሳቱን እዩ። የውሃ ጠብታ ካለበት ደግሞ ሁለቱም ካንዴላ ሳይወጣ ማስነሻውን አትንኩ፤ ሁለቱንም ካንዴላ አውጥታችሁ፣ ገመዶቹን ከሞተሩ አካል ጋር አገናኝታችሁ ሞተሩን በማስነሻው በባዶ እያዞራችሁ ውሃውን አስወጡት፣ ከዚያ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨምሩ።